በሰባት የሚቆጠር መብራት

የመውሊድ ዋዜማ ዕለት አባቴ መቀመጥ አቅቶት ዋለ። ከሚጠብቀው የመብራት ማማ ሥር ካለችው ቤቱ ይወጣል፣ ባሕሩን ያያል፣ ተመልሶ ይገባል። ወንበር ስስብለት ይቀመጣል፤ ፊቴን ወደ ምድጃው ሳዞር ተነሥቷል። እናቴ ካረፈች ወዲህ በዓሉን የማደርስለት እኔ ስለሆንኩ ያን ቀንም የጥድ ፍሬ ፈጭቼ አሲዳ፣ የበዓሉን ገንፎ፣ ላበስልለት ነበር የመጣሁት። እኔ አማስላለሁ፣ እሱ ከኋላዬ ይመላለሳል።

«ባባ፣ ምን ሆነሃል? ቁንጫ ገብቶብሃል እንዴ?»

«ቁንጫስ ቢሆን ይነገራል፣ ዝሊኻ» አለኝና ደግሞ ወጣ።

የእኔም ልብ ቢሆን አልተቀመጠም። ባሌ ላዝሐር ከራይስ ዓያሺ ጋር ወደ ጥልቁ ባሕር ከወጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ራይስ የምንለው የጀልባውን አለቃ ነው። በመውሊድ ዋዜማ የመንደራችን የሲዲ ነጂ ጀልባ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ይህ እኛ ዘንድ እንደ ሕግ ነው። ያን ቀን ግን የበረሃው ነፋስ ከደቡብ ተነሥቶ ሰማዩንም ባሕሩንም አቧራ አልብሶታል። በአሮጌው ወደብ አፍ ላይ ቆማችሁ ማዶ ያለውን የወልዩን መቃብር ነጭ ግንብ እንኳ አታዩትም።

ይህ የዛሬ አርባ ምናምን ዓመት የሆነ ነው፤ እኔም ገና ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

ስለ ማማው ትንሽ ልንገራችሁ። ያሠሩት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ድንጋዩ ግን ከድሮ ነገሥታት ወደብ ፍርስራሽ የተነቀለ የራሳችን ድንጋይ ነው። በበቅሎ ካመላለሱት አንዱ አያቴ ነበር። ጫፉ ላይ መብራቱን የከበበ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የመስታወት ቀፎ ነበረው። ቀፎው የሚንሳፈፈው ባዜቃ በሞላበት ገንዳ ላይ ነው፤ ያ የቀለጠ ብር የሚመስለው ከባድ ነገር። ስለሚንሳፈፍም ያን የሚያህል ብርጭቆ በአንድ ጣት ትገፉታላችሁ። የሚያዞረው ደግሞ በማማው ሆድ ውስጥ እንደ ጉድጓድ ባልዲ በሰንሰለት የሚወርድ ብረት ነው፤ በየሦስት ሰዓቱ በእጅ እየተጠመጠመ ወደ ላይ ይመለሳል። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያን ሲጠመጥም ቀኝ ትከሻው ከግራው ከፍ ብሎ ቀረ።

አጥማጆቻችን መብራቱን የሚለዩት በሰዓት አልነበረም። መብራቱ አንዴ ብልጭ ብሎ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ እስኪመጣ «ያ ለጢፍ» እያሉ ይቆጥራሉ፤ አንተ ርኅሩኅ ሆይ እንደማለት ነው። አንዱ ቃል በአንድ ትንፋሽ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሳይጎትቱ። ልጅ መጀመሪያ ባሕር ሲወጣ አባቱ መረብ ከማስያዙ በፊት ይህን ያስጠናዋል። የሲዲ ነጂ መብራት ሰባት ነው። በስተደቡብ ያለው የኩድያ የጨው ወደብ መብራት አምስት ነው። ሰባት ከቆጠርክ ቤትህ ነው፣ ቀጥ ብለህ ግባ። አምስት ከሆነ ደቡብ ወርደሃል፤ ወደ ሰሜን ታጠፍና ሰባቱን ፈልግ። ቤቱ ፊት ለፊት ደርሶ ወደ ሰሜን የታጠፈ ግን ወዮለት፤ ከእኛ በስተሰሜን ጥርሶች የምንላቸው ዓለቶች አሉ፤ ውሃው ሸፍኗቸው አይታዩም።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ከዋና ከተማ ረዉፍ የሚባል ወጣት መሐንዲስ መጥቶ ነበር። ፀሐይ አንገቱን እንደ ቲማቲም ያቀላው፣ የኛ በርበሬ ሆዱን ያመሰው፣ ግን ሥራ የሚወድ ልጅ። አሮጌውን መብራት አውርዶ በኤሌክትሪክ በራሱ የሚበራና የሚጠፋ ሊተክል ነው። ትልቁን የመስታወት ቀፎ ከረዳቶቹ ጋር ቁራጭ በቁራጭ ፈቶ፣ በገለባ ጠቅልሎ፣ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ከማማው ሥር ደረደረው። ረዳቶቹን ለበዓሉ ቀድሞ አሰናበታቸው።

ቀኑ ሲያዘነብል፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወረደ። አባቴን ሲ ቱሃሚ ይለዋል፤ አቶ ቱሃሚ እንደማለት ነው።

«እንኳን ደስ ያለዎት ሲ ቱሃሚ! ዛሬ ማታ እግርዎን ዘርግተው ይተኛሉ። አለቀ!»

አባቴ ቆመ። «ምኑ ነው ያለቀው? ከበዓሉ በኋላ ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«እናቴ ናታ! በመውሊድ ካልመጣህ ልጄ አይደለህም አለችኝ። ሳልተኛ ጨረስኩት። ዛሬ አብርቼ፣ አይቼ፣ በጠዋቱ አውቶቡስ እብስ ነው።»

«ስንት ነው... የሚቆጥረው?»

«አሥር ሰከንድ ነዋ! ልክ እንደ መዝገቡ። እርስዎ ራስዎ በየቀኑ የጻፉት አይደል? ሲ ቱሃሚ፣ እውነቴን ነው፣ እንደርስዎ ያለ ጥንቁቅ ጠባቂ አላየሁም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልዘለሉም። ለአለቆቼ ጽፌላቸዋለሁ፤ ዘበኛ ሆነው እዚሁ ቤትዎ ይቀራሉ።»

አባቴ ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ። ረዉፍ ደስታ ነው ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ።

ፀሐይ በአቧራው ውስጥ እንደ መዳብ ሳንቲም ሆና ጠለቀች። መብራቱ በራ። እኔም ካገባሁ ጀምሮ እንደማደርገው ወደ ቤቱ ሰገነት ወጥቼ መቁጠር ጀመርኩ። ያ ለጢፍ፣ ያ ለጢፍ... ስድስተኛውን ሳልጨርስ ብልጭ አለብኝ። ልቤ ስለፈራ ነው የጎተትኩት ብዬ እንደገና ቆጠርኩ። ስድስት አልሞላም። ሦስተኛ ቆጠርኩ። ያው ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። አባቴ ከሣጥኖቹ አንዱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እምቢ ያለውን መቀመጥ ያን ጊዜ ተቀምጦታል።

«ባባ! መብራቱ ሰባት አይደለም!»

«አይደለም» አለ። «ከመጀመሪያውም ሰባት አልነበረም፣ ልጄ።»

ከዚያ እንደሚያቃስት ሰው ነገረኝ። በጦርነቱ ጊዜ ወደቡን በቦምብ ሲደበድቡት ማማው ተናጠና ባዜቃው ከገንዳው ፈሰሰ። ፈረንሳዊው ጠባቂ ሸሸ። አባቴ፣ ረዳት የነበረ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ከወለሉ ስንጥቅ በሾርባ ማንኪያ እየለቀመ መለሰው፤ ግማሹ ጠፋ። ቀፎው ከበደውና በአሥር ሰከንድ ይዞር የነበረው በአሥራ ሁለት ይዞር ጀመር። አንተ ነህ ያበላሸኸው እንዳይሉት ፈርቶ መዝገቡ ላይ ፈረንሳዊው ይጽፈው የነበረውን አሥር ብሎ ጻፈ። አጥማጆቹም በጦርነቱ ዓመታት መውጣት አቁመው ነበርና ሲመለሱ ያገኙት ሰባቱን ነው። ፈረንሳዮቹ ለውጠውት ይሆናል ብለው ሰባቱን ለልጆቻቸው አስጠኑ።

«ታዲያ ለምን አላስተካከልከውም?»

«አስተካክዬው ነበር።» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ነፃ በወጣን ዓመት አዲስ ባዜቃ ላኩልኝ። ሞላሁት። ልክ አሥር ሆነ። አንድ ማታ ብቻ፣ ዝሊኻ። በዚያው ማታ የዓያሺ አባት ጀልባ ጥርሶቹ ላይ ወጣ።»

ይህን ታሪክ ሲዲ ነጂ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጀልባው ተሰባብሮ አምስት ሰው ዓለት ላይ ተንጠልጥሎ አድሮ ነበር። መሪውን ይዞ የነበረው ወጣቱ ዓያሺ ነው። «ስድስት ነው የቆጠርኩት፣ ስድስት ደግሞ የማንም አይደለም፤ ቸኩዬ ቆጥሬ ይሆናል፣ አምስት ነው ብዬ ታጠፍኩ» ብሎ ማለ። ሰው ሁሉ ሳቀበት። አባቱ እስኪሞት አኮረፈው። ጎልምሶ ራይስ ከተባለ በኋላ እንኳ ቡና ቤት ሲገባ «ራይስ ስድስት መጣ» ይሉታል።

«በማግስቱ ባዜቃውን መልሼ ቀነስኩት» አለ አባቴ። «እሱን ግን... ዝም አልኩት። ጀልባዎቹ በበዓሉ ሲገቡ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ይኼ ልጅ ግን ቸኮለብኝ።»

«ባባ፣ ላዝሐር ባሕር ላይ ነው!»

«አውቃለሁ። ዓያሺም ነው መሪውን የያዘው።»

ክንዱን ይዤ አስነሣሁት። መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ነው፤ ሁለታችንም መሐል ላይ አላረፍንም።

ረዉፍ መብራቱ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ ሰርዲን በዳቦ እየበላ ሥራውን በፍቅር ያያል። አዲሱ መብራት ከሐብሐብ የማይበልጥ ነገር ነው፤ ብልጭ፣ ጥፍት፣ ብልጭ።

«ልጄ» አለ አባቴ እያለከለከ፣ «ይህን ነገር አዘግየው። አሥራ ሁለት አድርገው።»

ረዉፍ ሳቀ። «ሲ ቱሃሚ፣ ዳቦ ይብሉ። ደክሞዎታል።»

ገና መልስ ሳይሰጠው ከደረጃው ጩኸት መጣ። የራይስ ዓያሺ ሚስት ሐፍሲያ ናት፤ ሰፊ ሴት፣ ነጭ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ትንፋሽ አጥሯት።

«ማነው መብራቴን የነካው? መንደሩ ሁሉ ሰገነት ላይ ወጥቶ ይጮኻል! አንተ ነህ አንተ ቀይ አንገት?»

«እመቤቴ፣ ልክ አሥር ነው! ሰዓቱን ይመልከቱ!» ረዉፍ የእጅ ሰዓቱን ዘረጋላት።

«አሥርህን ለእናትህ አሲዳ ላይ ነስንስላት! እኔ ሰባት ነው የምፈልገው!»

«አንድ ጊዜ ዝም በይ፣ ሐፍሲያ» አለ አባቴ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ግን ዝም አለች። ከዚያ ለእኔ የነገረኝን ለረዉፍ ነገረው። እየተንተባተበ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። የዓያሺን ስም ሲጠራ ሐፍሲያ ግድግዳውን ተደገፈች።

ረዉፍ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ መዝገቡን ከመደርደሪያው አውጥቶ ገለጠ። አሥር። አሥር። አሥር። ሁሉ ደህና። አሥር።

«ተቆጣጣሪዎቹስ? በየዓመቱ ይመጡ ነበር እኮ!»

«በቀን ነው የሚመጡት። በቀን መስታወቱ ፀሐይ ሰብስቦ እሳት እንዳያስነሣ መጋረጃ ለብሶ ቆሞ ነው የሚውለው። ዓሣ ይበላሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይሄዳሉ።»

«ያ ረቢ!» ረዉፍ ራሱን ያዘ። «ማዘግየት አልችልም። አሥሩ ከፋብሪካው የተቆለፈ ነው። የምችለው ብልጭታውን የሚቆጣጠረውን ሽቦ ነቅዬ ዝም ብሎ እንዲበራ ማድረግ ብቻ ነው። እሱም በመጀመሪያው ማታ፣ ያለ ትእዛዝ! ምን ብዬ ልጻፍ? ሽማግሌ አዘዘኝ ልበል?»

«እኔ እጽፋለሁ» አለ አባቴ።

ረዉፍ ዓይኑን ዓይኑን አየው። የሳቅ ፊቱ ሄዷል። «ሲ ቱሃሚ፣ ይህ ከተጻፈ ዘበኝነቱ የለም። ቤቱም የለም። የላክሁት ደብዳቤ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ገብቶዎታል?»

«ብዕር ስጠኝ።»

«እናንተ ስትጻጻፉ ባሌ ጥርስ ላይ ይውጣ!» ሐፍሲያ ጭኗን መታች።

አባቴ ተንበርክኮ ጻፈ። ብዙ አልተማረም፤ ፊደሉ ትልልቅ ነው። አሁን ድረስ አልረሳውም። «አሥራ ሁለት። ከጦርነቱ ጀምሮ አሥራ ሁለት ነበር። አውቅ ነበር። ቱሃሚ።»

ረዉፍ ቀለሙ ሳይደርቅ ሽቦውን ነቀለ። መብራቱ እንደበራ ፈጦ ቀረ፤ አይጠፋ፣ አይንቀሳቀስ።

«አሁንስ?»

አባቴ የግመል ፀጉር ካባውን ከትከሻው አወለቀ፤ በክረምት በር ላይ ብንሰቅለው ነፋስ የማያሳልፍ ነው። እኔ በአንድ ጫፍ፣ ሐፍሲያ በሌላው ይዘን በባሕሩ በኩል እንደ መጋረጃ ወጠርነው። ጨለመ። ሦስታችንም እንደ አንድ ሰው ጀመርን፤ ያ ለጢፍ፣ ያ ለጢፍ... ሰባት ሲሞላ ዝቅ፣ አንድ ትንፋሽ ብርሃን፣ ከዚያ ከፍ። ያ ለጢፍ...

መጀመሪያ ረዉፍ በሰዓቱ ሊረዳን ሞከረ። «አሁን! አይ፣ ቆይ፣ አሁን!»

«አንተ ልጅ፣ ያን ብረት ኪስህ ክተትና በአፍህ ቁጠር!» አለችው ሐፍሲያ። ኪሱ ከተተው። የመንደሩ ሰገነቶች ጩኸት እየቀነሰ ሄደ፤ እነሱም ቆጥረው አግኝተውታል። እኛ ክንዳችን ደነዘዘ። መብራቱ ይጋግራል፤ ካባው የተቃጠለ ፀጉር መሽተት ጀመረ። ረዉፍ የእኔን ጫፍ ተቀበለኝና እኔ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። የማየው አቧራ ብቻ ነው። እመለሳለሁ፣ እሄዳለሁ። አባቴ «ቁሚ!» ይለኛል፤ እሱ ራሱ ቆሞ አያውቅም፣ ከአንዱ መስኮት ወደ አንዱ ይዞራል።

ከምሽቱ የዒሻ ሰላት በኋላ አየሁት። በአቧራው ውስጥ የሲጃራ ጫፍ የምታክል የጀልባ ፋኖስ።

«ባባ! ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው!»

አባቴ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። እውነት ነው፤ ፋኖሷ ወደ ጥርሶቹ ትሳባለች። ዓያሺ ከእኛ በፊት የነበረውን ስድስቱን ቆጥሮ እንደ ያን ማታ ታጥፏል። «እንዳትጣደፉ» አለ አባቴ ወደ ኋላ ሳያይ። «ከተጣደፋችሁ አምስት ይሆንበታል። ቀስ። ያ ለጢፍ...» ሐፍሲያ እንባዋ እየወረደ ድምፅዋ አልተዛነፈም። ሰባት። ዝቅ። ከፍ። ሰባት። ዝቅ።

ፋኖሷ ቆመች።

እዚያው ማዕበሉ ላይ ከፍ ዝቅ ትላለች፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አትልም። እየቆጠረ ነው። እንደገና እየቆጠረ ነው። ራሱን የማያምን ሰው እንዴት እንደሚቆጥር ታውቃላችሁ፤ ስንት ጊዜ እንደደገመው አላህ ይወቅ። ከዚያ ቀስ ብላ አፍንጫዋን ወደ እኛ አዞረች። ከኋላዋም አራት ፋኖሶች አንድ በአንድ ተከተሏት።

ወደቡ ላይ ላዝሐር ዘሎ ሲወርድ ጨብጬው ልብሱን ስዳብሰው «ምን ሆነሻል? አለሁ እኮ!» ይለኛል። ራይስ ዓያሺ ግን ገመዱን ሳያስር መጮህ ጀመረ።

«ማነው ዛሬ መብራቱ ላይ የነበረው? እንደ ሰካራም ዓይን! መጀመሪያ ስድስት፣ ከዚያ ዝም ብሎ ያፈጣል፣ ከዚያ ሰባት! አብጄ ነው ወይስ...»

«ስድስት ነበር» አለ አባቴ። ሰውን ጥሶ ፊቱ ቆመ። «ዛሬም ስድስት ነበር። ያን ማታም ስድስት ነበር፣ ዓያሺ። መብራቱን የነካሁት እኔ ነኝ። አንተ በትክክል ቆጥረሃል።»

የዓሣ ሣጥን ያነሣው እንዳነሣ ቀረ። ዓያሺ ቆቡን አውልቆ መልሶ አጠለቀ።

«ሃያ አራት ዓመት» አለ። «አባቴ ሳያናግረኝ ሞተ፣ ሲ ቱሃሚ።»

«አውቃለሁ።»

«ብትነግረኝ ኖሮ ምን ነበረበት? ሰባት የሚቆጥር ሰው ስድስት መቁጠር ያቅተዋል? ደንቆሮ መሰልንህ?»

አባቴ ሲዘልፉት ቆሞ መስማት የሚችል ሰው ነበር፤ ይህን ሲሰማ ግን የገመድ ጥቅል ላይ ቁጭ አለ። ዓያሺ አየውና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ሐፍሲያ! ሰምተሻል? ስድስት ነበር! ነገ ቡና ቤት ለእያንዳንዱ ጢማም ትነግሪልኛለሽ!»

«ዛሬውኑ ነው እንጂ!» አለች። ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለባት።

ረዉፍ ለእናቱ አልደረሰላትም። መውሊዱን ከእኛ ጋር በላ፤ ማታ ማታ ካባ ወጥሮ አብሮን ቆጠረ፤ ከተማ ደውሎም ተሰደበ። የመጣው መልስ አጭር ነው፤ መብራቱ በመዝገቡ እንዳለው አሥር ይሁን፣ አጥማጆቹ አንድ ሳምንት ይሰጣቸውና ይማሩ፣ ጠባቂው በወሩ መጨረሻ ቤቱን ይልቀቅ። ረዉፍ ደብዳቤውን ሲያነብ ድምፁ ይሰበር ነበር። «ጽፌላቸው ነበር፣ ሲ ቱሃሚ፣ ሰው አድነዋል ብዬ ጽፌ ነበር።» አባቴ «ዳቦ ብላ» አለው።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሽቦው ተመለሰ፣ መብራቱ ስድስት ሆነ። የአባቴ ዕቃ ብዙ አልነበረም፤ ላዝሐር በሁለት ጋሪ ወደኛ ቤት አመጣው። ራይስ ዓያሺ ደግሞ በሦስተኛው ቀን በራችንን ሳያንኳኳ ገባ።

«ተነሣ፣ ሲ ቱሃሚ። ቁርጥማትህን ይዘህ ውጣ። ልጆቹ ስድስቱን አያምኑም፤ አፋቸው ሰባት ለምዷል። ጀልባ ላይ መጥተህ ታስቆጥራቸዋለህ። ያጠመምከውን አቅና።»

«እኔ? ባሕር?» አለ አባቴ። «ወጥቼ አላውቅም እኮ።»

ያን ያህል ዓመት መብራት ያበራ ሰው መብራቱን ከባሕር ላይ አይቶት አያውቅም። ሁልጊዜ ውስጡ ነበርና።

ወጣ። ላዝሐር እንደነገረኝ ጥልቁ ሳይደርሱ ሆዱ ተገለበጠ፤ በአንድ እጁ የጀልባውን ጠርዝ፣ በሌላው የዓያሺን ቀበቶ ይዞ ያስመልሳል፣ አፉን ጠርጎ ይቆጥራል። ልጆቹ ይስቁበታል፤ «ሲ ቱሃሚ፣ ይኼ ስንተኛው ነው?» ይሉታል። በየማታው ሄደ። እኔ አትሂድ ብዬ ለመንኩት፤ «አልተስተካከሉም ገና» ይለኛል።

እኔም በየማታው ሰገነት ላይ ነኝ። ድሮ አንድ ነበር የምጠብቀው፤ አሁን ሁለት ናቸው። ወጡ ሊያር ነው፣ ወርጄ ማየት አለብኝ፤ እግሬ ግን እምቢ ይለኛል። ያ ለጢፍ እላለሁ፣ ስድስት ይሞላል፣ መብራቱ ይመጣል፣ እነሱ ገና አልመጡም፤ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።